ሊጉ ሲቋረጥ የሚቀሩትንም እናስባቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ጨዋታ በኖረው ቁጥር የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ይቋረጥ ወይስ ይቀጥል የሚለው ክርክር በየዓመቱ ሲነሳና ሲወድቅ እከታተላለሁ። አንዱ ወገን አገር ከክለብ ይበልጣል ይላል፤ ሌላው ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ ነው ብሎ ይመልሳል። እኔ በአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ውስጥ ለ11 ዓመታት በወጌሻነት አገልግያለሁ፣ ዛሬም እዚያው ሥራ ላይ ነኝ፤ ስለዚህ ጉዳዩን የማየው በተጫዋቹ ጡንቻ በኩል ነው። በዚያ በኩል ሲታይ ክርክሩ አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል። ለብሔራዊ ቡድን የሚጠሩት 23 ወይም 25 ተጫዋቾች ናቸው። በሊጉ 16 ክለቦች ቢኖሩና እያንዳንዱ 25 ተጫዋች ቢይዝ እንኳ ጥሪ ሳይደርሳቸው የሚቀሩት ከ370 ይበልጣሉ። ስለ እነዚህ ሲጻፍ አላነበብኩም።

አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። ሊጉ ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ መቋረጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። የሚቋረጠው ግን ለጨዋታው እንጂ ለረጅም ዝግጅት መሆን የለበትም፤ የሚቋረጥበትና የሚቀጥልበት ቀንም የመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታ ከመደረጉ በፊት በመርሐ ግብሩ ላይ ተጽፎ ክለቦች እጅ ሊገባ ይገባል።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለአፍሪካ ዋንጫ አይቆምም፣ እኛ ለምን እንቆማለን የሚሉ ወንድሞች አሉ። እንግሊዞችም ቢሆኑ ፊፋ ለብሔራዊ ቡድኖች በመደባቸው ቀናት ሊጋቸውን ያቆማሉ፤ ለአፍሪካ ዋንጫ የማያቆሙት አንድ ክለብ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ተጫዋቾችን ብቻ ስለሆነ ነው። የእኛ ነገር ከዚህ ይለያል። በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በአፍሪካ ዋንጫ የተሳተፈው ቡድናችን ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ከአገር ውስጥ ክለቦች የተውጣጣ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሊጉ ይቀጥል ቢባል፣ አምስት ወይም ስድስት ተጫዋች ያስመረጠው ክለብ በተስፋ (በወጣቶች) ቡድን ልጆች ተሟልቶ ሲጫወት አንድም ያላስመረጠው ተጋጣሚው ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይገባል። ተጫዋች አሳድጎ ለአገር ያበረከተ ክለብ በነጥብ መቀጣት የለበትም።

ብዙ ተጫዋች ያስመረጡት ክለቦች ጨዋታ ብቻ ይራዘም የሚለውም መፍትሔ አያስኬድም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተራ በተራ እየተካሄደ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው ሲጫወቱ ቆይተዋል። በዚህ አካሄድ ተስተካካይ (ተራዝሞ የቆየ) ጨዋታ ተከማችቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሻገር የደረጃ ሰንጠረዡ ለሳምንታት እውነቱን አይናገርም፤ ባለ ተስተካካዩ ክለብ ደግሞ በኋላ በየሦስት ቀኑ እንዲጫወት ይገደዳል። በየሦስት ቀኑ የሚጫወት ቡድን ከእኔ አልጋ አይጠፋም።

ስለዚህ ይቋረጥ። አሁን ግን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልለፍ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡድናችን በአንድ አስተናጋጅ ከተማ ሆቴል ውስጥ ሳለ፣ ማክሰኞ ማታ ተጫዋቾቹ እራት ላይ እንደተቀመጡ፣ ሊጉ ለብሔራዊ ቡድን ዝግጅት እንደሚቋረጥ ተነገረን። የሚቀጥልበት ቀን «ወደፊት ይገለጻል» ተብሎ ነበር። ክለቡ ሥራ ለሌላቸው ተጫዋቾች የሆቴል ሂሳብ መክፈል ስላልቻለ በማግሥቱ ሁሉም ወደየቤታቸው ተሸኙ። ከእነርሱ አንዱ በዚያ ዓመት ከተስፋ ቡድን ያደገ የ19 ዓመት የመስመር አጥቂ ነበር፤ በሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች ቋሚ ሆኖ ገብቶ እግሩ ገና እየተፍታታ ነበር። እንደ ሌሎቹ ሁሉ በቃል መመሪያ ሰጥቼ ሸኘሁት። እርሱ ግን የሚሄደው የሳር ሜዳ ወደሌለበት ገጠር ነበር። የጭኑን የኋላ ጡንቻ እንዲያጠነክርበት ያሳየሁት እንቅስቃሴ፣ ተንበርክኮ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይዞለት ሰውነቱን ቀስ እያለ ወደ መሬት የሚያወርድበት ነው፤ ብቻውን ላለ ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ማን ይይዝለታል?

ከ26 ቀናት በኋላ ተመልሰን ተሰባሰብን። ሊጉ ሊቀጥል የቀረን አምስት ቀን ብቻ ስለነበር አሰልጣኙ ለማቻኮል ተገደደ። በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ ልጁ በመስመሩ በኩል የተላከለትን ኳስ ሊደርስበት ሲፈተለክ፣ በመካከል እጁን ወደ ጭኑ ኋላ ሰድዶ በአንድ እግሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለለና ወደቀ። ደርሼ በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ጡንቻው በአንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሎ ጣቴን አስገባ። ይህን የዳሰሰ ወጌሻ ነገሩ የሳምንት ጉዳይ እንዳልሆነ ያውቃል። ልጁ ቀና ብሎ «ለቅዳሜ እደርሳለሁ አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። የዚያን ዓመት ሁለተኛ ዙር አብዛኛውን ከሜዳ ውጭ አሳለፈው፤ ውሉ ደግሞ የአንድ ዓመት ነበር።

ይህን የጻፍኩት የማንንም ስም ለማንሳት አይደለም። በሩጫ ላይ የኖረ ሰውነት ሁለትና ሦስት ሳምንት ያለ ጨዋታ ሲቀመጥ አቅሙ እንደሚቀንስ፣ ወደ ሙሉ ፍጥነት በድንገት ሲመለስ ደግሞ ጡንቻው ለጉዳት እንደሚጋለጥ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳቱ በቀሩት ላይ ብቻ የሚደርስም አይደለም። ለብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ ሁለቱንም ጨዋታ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ያሳለፈ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ክለቡ ከተወው ልጅ ባላነሰ ደክሞ ነው የሚመለሰው፤ ልምምዱም ቢሆን የጨዋታን ያህል አይሆንም። በዚያ ላይ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መመዘኛ ስላላሟሉ «በሜዳችን» የምንላቸውን ጨዋታዎች እንኳ በሰው አገር ማድረግ ግድ ሆኖብን ቆይቷል። ከጋና ጋር 1 ለ 1 የተለያየንበት የኅዳር 2014 ዓ.ም. ጨዋታ የተካሄደው ጆሃንስበርግ ነበር። ተጫዋቹ ለሜዳው ጨዋታ ተጉዞ፣ ለተጋጣሚው ሜዳ ተጉዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አድሮ ይመለሳል፤ ሊጉ በማግሥቱ ቢጀምር እርሱን ማሰለፍ አያስችልም። ስለዚህ ከመጨረሻው የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ በኋላ ቢያንስ አራት ሙሉ ቀናት ሊኖሩ ይገባል እላለሁ።

ረጅም ዝግጅት ውጤት ያመጣል የሚለው እምነት ግን ከየት እንደመጣ አይገባኝም። ለካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ከተሳታፊዎቹ ሁሉ ቀድሞ ወደ ስፍራው ያቀናው የእኛ ቡድን ነበር። በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፈን፣ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ተለያይተን በአንድ ነጥብ ተመለስን። በመጀመሪያው ጨዋታ ገና በጅምሩ ቀይ ካርድ ስላየን ውጤቱን ሁሉ በዝግጅቱ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም፣ አልጭንምም። ሆኖም ከዚያ አምስት ወር በኋላ የሆነውን አስታውሱ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ፣ ከማላዊ ጋር ተጫውተን 2 ለ 1 በተሸነፍን በአራተኛው ቀን፣ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። በአገር ውስጥ ሊግ ይጫወት የነበረው ዳዋ ሆቴሳና ለዓመታት በግብፅ ሊግ የተጫወተው ሽመልስ በቀለ ያስቆጠሯቸውን ግቦች እያየሁ ዕንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። ወቅቱ ሊጉ ወደ ማጠናቀቂያው የተቃረበበት ስለነበር ልጆቹ ወደ ሊሎንግዌ የሄዱት የወራት ጨዋታ በእግራቸው ይዘው ነው። የጨዋታ ስሜቱ ያልተቋረጠበት ተጫዋች ምን መሥራት እንደሚችል ያን ዕለት አይተናል።

የቻን፣ ማለትም የአፍሪካ አገራት ሻምፒዮና፣ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ውድድሩ በየአገሩ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ የተዘጋጀ በመሆኑ ቡድናችን ሙሉ በሙሉ ከሊጋችን ይወጣል፤ የሚካሄደው ደግሞ ከፊፋ ቀናት ውጭ ስለሆነ እንደ አፍሪካ ዋንጫው ክለቦችን የሚያስገድድ ደንብ የለውም። በጥር 2015 ዓ.ም. አልጄሪያ ላይ እንደተሳተፍነው ባለ ጊዜ ረዘም ያለ ዕረፍት የግድ ነው፣ ይህንን አልቃወምም። ነገር ግን ይህ ውድድር ራሱ ሊነቃነቅ እንደሚችል አይተናል፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ በፌብሩዋሪ 2025 እንዲጀመር ተወስኖ የነበረው ቻን ሊጀመር ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ወደ ኦገስት ተዛወረ። ስለዚህ ቡድናችን ማጣሪያውን አልፎ ለቻን በሚበቃበት ዓመት ሊጉ ሁለት መርሐ ግብር ቢያዘጋጅ ደግ ነው፤ አንዱ ውድድሩ በቀኑ ከተካሄደ የሚሠራበት፣ ሌላው ከተራዘመ የሚሠራበት፣ ሁለቱም በመስከረም ወር ለክለቦች የሚሰጡ።

ሊጉ ቀናቱን አስቀድሞ ማወቅ አይችልም የሚለውን ምክንያት መቀበል ይቸግረኛል። ፊፋ ቀናቱን የሚያወጣው ከዓመታት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ የሴፕቴምበርንና የኦክቶበርን ዕረፍቶች በአንድ አዋሕዶ፣ ብሔራዊ ቡድኖች እስከ አራት ጨዋታ የሚያደርጉበት አንድ ረጅም ጊዜ አድርጎታል፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 11 እስከ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለት ነው። ለእኛ ሊግ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ውድድሩን በመስከረም ማብቂያ ብንጀምር ያ ሁሉ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ሊጉ ሳይነካ ያልፋል፤ ቀሪዎቹ የኅዳርና የመጋቢት ዕረፍቶች አጫጭር ናቸው። ዘግይቶ መጀመር ክረምቱን ያስነካናል የሚል ስጋት እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ስጋቱም እውነት ነው፣ የሐምሌ ጭቃ ለጉልበትም ለብሽሽትም ክፉ ነው። በተለይ የክለቦች ቁጥር ሲጨምር ነገሩ ይጠብባል፤ በ16 ክለብ ጊዜ 30 የነበረው የአንድ ክለብ ጨዋታ በ20 ክለብ 38 ይሆናል። ነገር ግን ሊጉን ወደ ክረምት የሚገፋው ከአጀማመሩ ይልቅ በመሃል ላይ ሳይታሰብ የሚባክነው ጊዜ ነው። አሥር ቀን ይበቃ የነበረ ዕረፍት ወር ሲሞላው፣ በሰኔ መጠናቀቅ የነበረበት ጨዋታ ሐምሌ ላይ ይደርሳል።

በዕረፍቱ ቀናት ውስጥም ለቀሩት ተጫዋቾች አንድ ነገር ሊደረግላቸው ይችላል። ክለቦቹ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ባሉበት ጊዜ፣ ከመበተናቸው ይልቅ በየአምስት ቀኑ እርስ በርስ የወዳጅነት ጨዋታ ቢያደርጉ፣ ካሜራ ባይቀርጻቸው፣ ትኬት ባይሸጥ እንኳ፣ ተቀያሪዎችና ከተስፋ ቡድን ያደጉ ልጆች ዘጠና ደቂቃ ያገኛሉ። ወጪው የሆቴልና የውሎ አበል ብቻ ነው፤ በከተማ አስተዳደር በጀት ለሚተዳደሩ ክለቦች ይህም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ከሊጉ የቴሌቪዥን ገቢ ላይ ጥቂት ድርሻ ለዚህ ቢመደብ መልካም ነበር። ዕረፍቱ አሥር ቀን ብቻ ከሆነና ቀኑ ከታወቀ ግን ክለቦች ራሳቸው ሊያቅዱለት ይችላሉ።

ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸውን አካላት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅልኝ በአክብሮት እለምናለሁ፦ የ2019 ዓ.ም. የሊጉ መርሐ ግብር ሲወጣ የዕረፍት ቀናቱ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም፣ አብረው ታትመው ይወጣሉ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ፣ ልጆቼ ከሆቴል ሲወጡ በቃል የምነግራቸውን የየቀኑን እንቅስቃሴ በዚያው ሳምንት በወረቀት ጽፌ፣ በየሰፈራቸው ቁርጭምጭሚት የሚይዝላቸውን ጓደኛ ጭምር አስመርጬ እሰጣቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የክለብ ወጌሻ
አዳማ