በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ልጆች በቤት ስለሚያዩአቸው ፊልሞች

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ፈተናው አልቋል፤ ልጆች ቤት ሊውሉ ነው። በእኛ ሰፈር፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ልጅ ወጥቶ የሚሮጥበት ሜዳ ጥቂት ስለሆነ ብዙው ሰዓት ስክሪን ፊት ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ «አታሳዩአቸው» ብለን አልጻፍንም። የምንለምናችሁ ፊልሙ ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ ከመከፈቱ በፊት እንዲመረጥ ነው። ከተከፈተ በኋላ የሚመርጠው አፑ ነው።

በመጀመሪያ ቪዲዮ አልቆ ሌላው በራሱ እንዳይቀጥል አውቶፕሌይን አጥፉ። ኔትፍሊክስ ላይ ይህ የሚስተካከለው በየፕሮፋይሉ ስለሆነ የእናንተን ብቻ ማጥፋት ለልጁ አይጠቅመውም። ለልጁ የራሱን የልጆች ፕሮፋይል ክፈቱለት፣ ዕድሜውን ወስኑ፣ የእናንተንም በባለ 4 አሃዝ ቁጥር ቆልፉት። ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ የልጁ በደንብ ተዘጋጅቶ የአባትየው ክፍት ይቀራል። ዩቲዩብ ላይ ያለው የዕድሜ ማጣሪያ ደግሞ ስልክ ላይ ስለበራ ቴሌቪዥኑ ላይ አይበራም፤ ለየብቻ ማብራት ያስፈልጋል። ቢበራም ሁሉንም አይዝም።

ለመዋዕለ ሕፃናትና ለ1ኛ ክፍል «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ይበቃል። ቀጭኔዋ ፀሐይ የምትናገረው በአማርኛ ነው፤ ልጁ ያለ አስተርጓሚ ይከታተላታል። ሁለት ክፍል አይቶ ይነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች የሚመክረው በቀን ከ1 ሰዓት ያልበለጠ ነው።

ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው «ፕላኔት ኧርዝ» ስለ ተራሮች የሚያሳየውን ክፍል ፈልጉላቸው። የሚጀምረው በኤርታ አሌ ነው፤ ቀጥሎ የሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች ይመጣሉ። ትረካው እንግሊዝኛ ስለሆነ ድምፁን ቀንሳችሁ የሚታየውን በአማርኛ ንገሯቸው። ጭላዳ በጣቶቹ ሣር እየነቀለ ሲበላ ስታዩ አቁሙትና እጁን እንዲያስተውሉ አድርጉ። በማግስቱ አራት ኪሎ ወዳለው የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ብትወስዷቸው ፊልሙን እጥፍ ይጠቀሙበታል።

10 ዓመት ለሞላቸው የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እንመርጣለን። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ዘመድ ቤት ይቀራል፤ አጎቱ ቹኒ የምትባለውን በጉን ለበዓል ሊያርድበት ያስባል። የበዓል በግ ግቢ ታስሮ ሲያድር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሣር ያበላ ልጅ ይህ ይከብደዋል፣ ሊያለቅስም ይችላል። አትቆጡት፤ ፊልሙን አቁማችሁ አስወሩት።

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ኔትፍሊክስ ላይ ያለው፣ ከብስክሌት ዲናሞ በነፋስ የሚሠራ የመብራት ማመንጫ የሠራውን የማላዊውን ልጅ የዊሊያም ካምክዋምባን ታሪክ የሚያሳየው «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» ጥሩ ነው። ረሃቡ በግልጽ ይታያልና አብራችሁ እዩ። የብስክሌቱ ዲናሞ ጋ ስትደርሱ መልሳችሁ አሳዩአቸውና ጎማ ሲሽከረከር አምፖል ለምን እንደሚበራ ጠይቋቸው።

«ድፍረት» ከ9ኛ ክፍል በታች አይከፈት። ስለ ጠለፋ የተሠራ ጠቃሚ ፊልም ነው፤ ግን በልጅቷ ላይ የሚፈጸመው ግፍ ገና ከመጀመሪያው ይመጣል። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ ትንንሾቹ ይተኙ።

ስለ ዳታም አንድ ነገር እንበል። ኔትፍሊክስ በከፍተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ በመካከለኛ 0.7 ያህል ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም በአንዱ እስከ 6፣ በሌላው 1.4 ጊጋባይት ማለት ነው። ለስልክ መካከለኛው ይበቃል። መብራት ሳይጠፋ በዋይፋይ ቀድማችሁ አውርዱ። አንዳንዱ የወረደ ፊልም ግን ማየት ከተጀመረ 48 ሰዓት በኋላ ስለሚዘጋ ግማሹን ረቡዕ፣ ግማሹን ቅዳሜ አትበሉ። የትኛው ፊልም የት እንዳለም በየጊዜው ስለሚቀያየር ዕረፍቱ ሳይጀመር ፈልጉ።

በዝርዝሩ የሌለ ፊልም አጠራጥሯችሁ ከሆነ የክፍሉን ኃላፊ መምህር ጠይቁ፤ ስሙንና የልጁን ክፍል ብቻ ጻፉላቸው።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር