እሑድ ለምትመሰክሩ ወንድሞችና እህቶች

ጌታ ይባርካችሁ። እሑድ ወደ እምነት የመጣችሁበትን መንገድ ለምትመሰክሩ፣ ለእያንዳንዳችሁ 5 ደቂቃ ተይዟል። በደብተር ሁለት ገጽ ግድም ነው፤ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በሰዓት ለኩት።

ለአካሄዱ የሐዋርያት ሥራ 26ን ክፈቱ። ጳውሎስ በአግሪጳ ፊት የቀድሞ ሕይወቱን ከቁጥር 4 እስከ 11፣ የደማስቆውን መንገድ ከ12 እስከ 18፣ ከዚያ ወዲህ ያደረገውን ከ19 እስከ 23 ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ የጫቱና የመጠጡ ወሬ 4 ደቂቃ ይበላና ክርስቶስ ጋ ሲደረስ ሰዓት ያልቃል። በ1 ደቂቃ ጨርሱት። "ሕይወቴ ተለወጠ" ብላችሁም አትለፉ፤ የተመለሰውን ዕዳ፣ ይቅርታ የተጠየቀውን ጎረቤት ጥቀሱ። ያመናችሁበትን ቀን የማታስታውሱ ደግሞ ቀን አትፍጠሩ፤ ቀስ በቀስ ማመንም ማመን ነው።

ደሴ ላይ ሙስሊም ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው የለም ማለት ይቻላል። የቤተሰባችሁን እምነት አታንቋሹ፤ ሳያስፈቅዱ የሰው ስም መጥራትም ነውር ነው።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ሊይዛችሁ ይችላልና በጊዜ ተነሡ።