ደሴና ሐረር ለምን ተዘለሉ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሞች በአውሮፕላን መደብደባቸው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም በሚል ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ታሪኩን ከስፔኗ ጌርኒካ ጀምረው በእንግሊዟ ኮቨንትሪ በኩል እንግሊዞችና አሜሪካውያን እስከደበደቧት የጀርመኗ ድሬስደን ሲያደርሱት፣ ነገሩ አውሮፓውያን እርስ በርስ የሚተሳሰቡት የብድር ሒሳብ ሆኖ ቀርቷል። ጌርኒካ የነደደችው በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ነው፤ ደሴ ግን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቶ ነበር።

ደሴ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈር ነበረች ይባል ይሆናል፤ ሐረርስ? ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ መሆኗ ከታወጀ በኋላ መጋቢት 20 ቀን በቦምብ ተቃጠለች፤ የጦርነቱ ዕጣ ግን የተቆረጠው ከሁለት ቀን በኋላ ማይጨው ላይ፣ ሠራዊት ከሠራዊት ገጥሞ ነው። በድሬስደን 25 ሺህ ያህል ሰው ካለቀ በኋላም ጀርመን እጇን እስክትሰጥ ሦስት ወር ገደማ ተዋግታለች።

ስለዚህ «የሕዝብ ሞራል ሲሰበር ጦርነቱ ያጥራል» የሚለውን ጸሐፊው ሳይመረምሩ ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። በልጅነቷ ደሴ የነበረችው እናቴ፣ እዚህ ጅማ፣ አገር ሰላም በሆነበት ዘመን፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል በሰማች ቁጥር ያጠበችውን ነጠላ ከገመድ ላይ ሰብስባ ትገባ ነበር፤ ነጭ ልብስ ከሰማይ ይታያል ተብላ ነው ያደገችው። ይህ ፍርሃት ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ኖሯል፤ ጦርነቱን በአንዲት ቀን እንዳሳጠረው ግን የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

«ያለፈውን በዛሬ ሚዛን አትፍረዱ» መባሉም አያስኬድም፤ እንግሊዛዊው ጳጳስ ጆርጅ ቤል የገዛ መንግሥታቸውን የከተማ ድብደባ በላይኛው ምክር ቤት የተቃወሙት በየካቲት 1936 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ገና እየነደደ ሳለ ነው። (እንግሊዞች ከአርበኞቻችን ጋር በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማን ከፋሽስት እጅ ማስለቀቃቸውን አልዘነጋሁም፤ ውለታው ግን ስለ ድሬስደን ዝም አያሰኘኝም።)

እኛም ብንሆን ከወቀሳ አናመልጥም፤ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን በገበያ ቀን የተደበደበችው በራሳችን አየር ኃይል ነው። በዚህ ጉዳይ ተከታይ ጽሑፍ የምታወጡ ከሆነ፣ እነዚህ ሦስት ከተሞች ሳይጠቀሱ እንዳይታለፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከጅማ