ለሲስተርና ለሁላችሁም፦ እግዜር ይስጥልን

ልጄ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። ሂሞፊሊያ ነው የተባለው፤ ደም ቶሎ የማይረጋበት በሽታ። ጉልበቱ አሁንም ትንሽ አብጧል፤ ግን ይረግጥበታል። የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ስጀምረው ደግሞ አለቅሳለሁ።

ሲስተር፣ ስሜን እንዳትጠሪ ብለሽኛል፤ አልጠራም። ግን ያቺን ሌሊት እንዴት ዝም ብዬ ልለፋት?

«በእናትሽ ወገን ደም ፈሶት የሞተ ወንድ ነበረ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ በሕይወት ላለው ስጨነቅ ይቺ ስለ ሙታን ትጠይቀኛለች ብዬ ተቆጣሁሽ። አፉ በይኝ። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። አያቴ አንዱን ልጇን በስምንተኛው ቀን ተገርዞ፣ ሌላውን በጉርምስናው ጥርስ ተነቅሎ ቀብራለች። እኛ ያደግነው አንዱን ሾተላይ፣ ሌላውን ቡዳ በላው ሲባል ነው።

የመድኃኒት ካርቶን ቀደሽ ሳልሽልኝ። ሴት ሁለት ኤክስ የሚባል ክሮሞሶም (ዘር የሚተላለፍበት ክር) አላት፤ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። ደም የሚያረጋው ፋክተር 8 የሚሠራበት ጂን ያለው ኤክሱ ላይ ነው። የኔ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንልኛል። እሱ ግን ሌላ ኤክስ የለውም። «ስኮርታ ሳይዝ ጎማ የፈነዳበት መኪና በይው» አልሽኝ፤ በዚያ ጭንቅ መሀል አሳቅሽኝ። ከእኔ የሚወለድ ወንድ ሁሉ ሂሞፊሊያ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሴቷም ተሸካሚ፣ ማለትም የተበላሸውን ኤክስ ይዛ ለልጆቿ ልታስተላልፍ የምትችል፣ የመሆን ዕድሏ እንደዚያው።

«እኔ ነኛ የሰጠሁት?» አልኩሽ።

«ቁመትሽን መርጠሽ ነው የወረስሽው?» አልሽኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ይቺን ለራሴ እደግማታለሁ።

ይህም ሳይበቃሽ፣ ከአዳር ስትወጪ ዓይንሽ ቀልቶ፣ ደብረ ማርቆስ ለአያቴ ደወልሽላት። «እማማ፣ ልጆችዎን ሰው አልበላቸውም፤ በሽታው ከዘር የመጣ ነው» አልሻት። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎን ነበር። ከዚያ የጎረቤቷን ስም ጠራች። አርባ ዓመት ቡና ያልጠራቻትን ሴትዮ። ባለፈው እሑድ ከዘራዋን ይዛ ደጇ ሄዳለች አሉ። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሐኪሞቻችን፣ እጃችሁ ይባረክ። የተሰጠው ፋክተር 12 ሰዓት ያህል ሲቆይ ግማሹ ከደም ስለሚያልቅ፣ ሰዓት ቆጥራችሁ ሌሊት የተነሣችሁለት ሁሉ። ውድ ነው፤ አገራችን የሚገባው በአብዛኛው በዓለም ሂሞፊሊያ ፌዴሬሽን በኩል በእርዳታ ነው። የማላውቃችሁ ሰጪዎች፣ ዘራችሁ ይባረክ። ዕድርተኞቻችን፣ የሰንበቴ ማኅበራችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ስንቅ ያመላለሳችሁ ጎረቤቶች፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል። ባለቤቴ፣ አንተን ቤት እናወራለን።

ስማችሁን ያልጠራሁ እንዳትቀየሙኝ። ሲስተር ላይ ቆየሁ አይደል? ምን ላድርግ።

ለጥየቃ የምትመጡ፣ በረዶ ካላችሁ ይዛችሁልን ኑ፤ ለጉልበቱ ነው። ሲያመው አይታችሁ አስፕሪን ወይም ዲክሎፌናክ እንዳትሰጡብኝ፤ መድማቱን ያባብሰዋል። ጡንቻ ላይ መርፌም አይወጋም።

እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ አምስት ወሯ ነው። ማክሰኞ አብረን ልንመረመር ነው። ሲስተር፣ ተረኛ ነሽ አይደል?