ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ ማንበብ ግን አልቻልኩም

ይድረስ አገልግሎቱን በሙሉ «በኦንላይን ብቻ» ላደረገው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጠራም። ራስዎን ያውቁታል። ሁለት ደብዳቤ መዝገብ ቤታችሁ አስገብቻለሁ። ስልክ ስደውል ከርሜያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ኮሪደራችሁ ላይ ተቀምጬ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስባል አርፍጃለሁ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እያነበበው ልጻፍልዎ።

ዓይነ ስውር ነኝ። መምህር ነኝ። ኮምፒውተር እጠቀማለሁ። ይህን የመጨረሻውን ስናገር መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛችሁ ዝም ስላለች ትንሽ ላስረዳ። ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ገጹ ላይ የተጻፈውን በድምፅ ያነብልኛል። የእኔው ኤንቪዲኤ ይባላል። ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን የጀመሩት ነው፣ በነጻ ነው የሚሰጠው፣ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩበትም። አማርኛ ሲያነብ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ ግን ጆሮዬ ለምዶታል። በእሱ የተማሪዎቼን ማርክ እሞላለሁ፣ ዜና አነባለሁ፣ ከእህቴ ጋር በቴሌግራም እጨቃጨቃለሁ።

የእናንተ ገጽ ላይ ስደርስ ግን የምሰማው ይህን ነው፦ «ኤዲት። ኤዲት። ኤዲት። በተን።» ኤዲት ማለት የሚሞላ ሳጥን፣ በተን ማለት የሚጫን ቁልፍ ነው። የትኛው ሳጥን የስም፣ የትኛው የስልክ እንደሆነ አይናገርም፤ ምክንያቱም ስሙ ሳጥኑ አጠገብ ለዓይን ተጻፈ እንጂ ኮዱ ውስጥ ከሳጥኑ ጋር አልተያያዘም። እየገመትኩ ሞላሁ። ስሳሳት «በቀይ የተመለከቱትን ያስተካክሉ» አለኝ። በቀይ! የልደት ቀን በማውዝ ካልሆነ አይመረጥም። ይህንንም በስንት መከራ አልፌ መጨረሻው ላይ ስደርስ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ በምስሉ ላይ የሚያዩትን ፊደላት ይጻፉ» የሚል መጣ። የድምፅ አማራጭ የለውም። አለቀ። ቅሬታ ላቅርብ ብዬ ወደ ቅሬታ ማቅረቢያው ገባሁ። እሱም መጨረሻው ላይ ያችኑ ምስል አስቀምጧል።

ደወልኩ። «ሚያይ ሰው ይዘው ቢሞክሩስ?» አሉኝ።

ይዤ ሞከርኩ። ሰፈር ያለ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ እሱን ልወቅስ አይደለም የምጽፈው። ግን ከኋላዬ አምስት ስድስት ሰው ወረፋ ይዞ ቆሟል፣ እሱ ደግሞ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ይጮኻል። «ጋሼ፣ የእናትዎ ሙሉ ስም ማን ነው?» «ጋሼ፣ ደሞዝዎ ስንት ነው?» «ጋሼ፣ ያገቡ ነው ወይስ የፈቱ?» ሰው ሁሉ ሰማ። የሚስጥር ቁጥር ሲጠየቅ ራሱ መረጠልኝና፣ እንዳይጠፋብኝ ብሎ፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተተልኝ። ለእኔ። በወረቀት። ስልኬ ላይ የመጣውን ኮድም አንብቤ ሰጠሁት። እነሆ፣ ባንኩም ቴሌውም «ለማንም እንዳይሰጡ» እያለ በየቀኑ የሚያስጠነቅቀንን ነገር ሁሉ በአንድ ጠዋት ለማላውቀው ወጣት አስረክቤ 100 ብር ከፍዬ ወጣሁ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ምናልባት ይህን አልጽፍም ነበር። ለምደነዋል። ሰነዱ ሲወጣ ግን የአያቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። «ደ» የነበረችው «ዳ» ሆናለች። ባንክ ሄጄ ነው ያወቅሁት፣ አይመሳሰልም ብለው መለሱኝ። እናንተ ጋ መጣሁ። ሠራተኛችሁ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎ፦ «ጋሼ፣ እኛ ምን እናድርግ? የሞላሁት መረጃ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል እኮ።» ማስተካከያው እንደ አዲስ ያስከፍላል። ማመልከቻውም በኦንላይን ነው።

አረጋግጫለሁ! ክቡር ሆይ፣ እኔ ምኑን ነው ያረጋገጥኩት? ገጹን አላነበብኩትም፣ እንዳላነበው አድርጋችሁ ሠርታችሁታል፣ ከዚያ ደግሞ አንብቤ እንደፈረምኩ ቆጥራችሁ ክፈል አላችሁኝ። ድሮ ዓይነ ስውር ሲፈርም ምስክር አቁመው ጽሑፉን ያነቡለት ነበር። ያ ኋላ ቀር ነው ብላችሁ አስቀራችሁት መሰለኝ።

ሕጉን አላስተምርዎትም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲያዝ ኢንተርኔትን በስሙ ጠርቶ ነው። ያጸደቅነው ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይህን ሁሉ እንደሚያውቁ የማውቀው ባለፈው የአካል ጉዳተኞች ቀን መድረክ ላይ ቆመው ሲጠቅሱት ስለሰማሁ ነው። ደህና አድርገው ነበር የተናገሩት። ጭብጨባም ነበረ።

በነገራችን ላይ የዚያ ቀን ፎቶ የድረ ገጻችሁ ፊት ላይ ተለጥፏል። እኔ ስከፍተው «ግራፊክ፣ አይኤምጂ 4471» ነው የሚለኝ። የእህቴ ልጅ ናት ምን እንደሆነ የነገረችኝ። ነጭ በትር የያዘ ሰው እየጨበጡ ነው አለችኝ።

ከአምስት ወር በኋላ መልስ ሰጣችሁኝ። በኢሜይል። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። የተያያዘውን ከፈትኩት፤ ስክሪን ሪደሬ «ባዶ» አለኝ። ደግሜ ከፈትኩት። «ባዶ»። ለካ ደብዳቤው ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት፣ ከዚያ ስካን ተደርጎ ነው የተላከው። ፎቶ ነው እንግዲህ፣ ውስጡ አንድም ፊደል የለም። «ገጻችሁን ማንበብ አልቻልኩም» ላለ ሰው! አሁንም የእህቴን ልጅ ጠራሁ። «ቅሬታዎ ለሚመለከተው የሥራ ክፍል ተመርቷል» ይላል አለችኝ። ማህተሙ ያምራል ብላኛለች።

በጀት የለንም እንዳይሉኝ። የሳጥኖቹን ስም ኮዱ ላይ መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው ብሎኛል የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ፕሮግራም በመጻፍ የሚኖር ነው። የተጣመሙ ፊደላት ፎቶ ፋንታ ስልክ ላይ ኮድ መላክ ይቻላል፣ ለዚያውም ትልካላችሁ እኮ! ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ራሱ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። እኔ የገጠመኝን ጻፍኩ እንጂ፣ መስማት የተሳናት ጓደኛዬ ያለ ጽሑፍና ያለ ምልክት ቋንቋ ስለለቀቃችሁት የማብራሪያ ቪዲዮ የራሷን ደብዳቤ ብትጽፍ ከዚህ ይረዝማል። ከፍላችሁ ስታሠሩት የርክክብ ቀን አንድ ዓይነ ስውር ጠርታችሁ «እስቲ ሞክረው» ብትሉ ኖሮ በአሥር ደቂቃ ይነግራችሁ ነበር። በነጻ።

የማስተካከያ ገንዘብ አታስከፍሉኝ። ስሜም ይስተካከል፣ በእናንተ ወጪ። መልስ የምትሰጡ ከሆነ በፊደል ይጻፍ፣ ስካን አታድርጉት፣ ማህተሙ ይቅርብኝ።

ስልኬን ፎርሙ ላይ ታገኙታላችሁ። ልጁ በትክክል ሞልቶት ከሆነ።