ኬብል የምትሸጡ ወገኖች፣ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገውን ለይታችሁ ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሞባይልና ላፕቶፕ እየጠገንኩ ነው የምኖረው፣ ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፣ ግን ሰሞኑን ያየሁት ነገር ውስጤን በላው። አንዲት ተማሪ በቅርብ ያረፉትን እናቷን ፎቶ ከስልኳ ወደ ላፕቶፕ ልትገለብጥ ሶስት ኬብል ገዝታ ሶስቱም እምቢ አሏት፣ አንድ ሱቅ ደግሞ የስልክሽ ፖርት (የኬብሉ መሰኪያ) ተበላሽቷል ይቀየር ብሏት ለሱ የሚሆን ብር ስታፈላልግ ነው እኔ ጋ የመጣችው። ስልኩ ምንም አልሆነም! ሶስቱም ኬብሎች ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ናቸው፣ በራሴ ኬብል ስሰካው ፎቶው በሙሉ መጣ፣ ልጅቷም እዛው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የለመድነው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጡ አራት ሽቦ አለው፣ ቀይና ጥቁሩ 5 ቮልት ያመጣሉ፣ ነጭና አረንጓዴው ዳታ ያመላልሳሉ። ርካሽ የሚሰራው ሰው ሁለቱን የዳታ ሽቦ ይተዋቸዋል፣ ስለዚህ ስልኩ ይሞላል ላፕቶፑ ግን ስልክ መሰካቱንም አያውቅም። ሰፊውን የዩኤስቢ ጫፍ ውስጡን አይታችሁት ከሆነ መሀል ያሉት ሁለት ብረቶች ከዳርና ዳሮቹ ያጥራሉ፣ ይሄ ሆን ተብሎ ነው፣ ስትሰኩ ኃይሉ ቀድሞ እንዲነካ ስትነቅሉ ደግሞ ዳታው ቀድሞ እንዲለቅ። እ.ኤ.አ. በ1996 እንዲህ ተጨንቀው የሰሩትን ነገር እኛ ሽቦ ቆርጠን መሸጣችን ያሳዝነኛል።

ታይፕ ሲ ሲመጣ ደግሞ ግራ መጋባቱ ባሰ። ፖርቱ 24 ፒን (ትንንሽ የብረት መነካኪያ) አለው፣ 12 ከላይ 12 ከታች፣ ለዛ ነው በየትኛውም በኩል ቢሰካ የሚገባው። ግን አፉ አንድ ስለሆነ ውስጡ አንድ ነው ማለት አይደለም፣ አንዱ ኬብል በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ብቻ ያሳልፋል ሌላው ከ20 እጥፍ በላይ። ሲሲ የሚባል መስመርም አለ፣ ቻርጀሩና ስልኩ በሱ ነው የሚነጋገሩት፣ ቻርጀሩ በ5 ቮልት ይጀምርና ስልኩ ካልጠየቀ ከዛ አይጨምርም፣ ስለዚህ ደህና የሆነ የላፕቶፕ ቻርጀር ስልክ ያቃጥላል ብላችሁ አትፍሩ። የሚያስፈራው መጥፎ ኬብል ነው። ከሰፊው ዩኤስቢ ወደ ሲ የሚሄድ ገመድ ውስጥ 56 ኪሎኦም ሬዚስተር (ስንት አምፔር መሳብ እንደሚችል ለስልኩ የሚጠቁም ትንሽ ዕቃ) መኖር አለበት፣ በሱ ቦታ 10 ኪሎኦም ከገባ ስልኩ 3 አምፔር አለ ብሎ ያምንና 500 ሚሊ አምፔር ብቻ እንዲሰጥ ከተሰራ የላፕቶፕ ፖርት ያንን ሁሉ ሊስብ ይሞክራል። ቤንሰን ሊዩንግ የሚባል የጉግል ኢንጂነር እንዲህ ያሉ ኬብሎችን ከኦንላይን እየገዛ ሲፈትሽ እ.ኤ.አ. በ2016 አንዱ ሽቦው ተገላብጦ የተሰራ ስለነበር ላፕቶፑን አበላሽቶበታል፣ እንግዲህ ባለሙያው ይሄ ከደረሰበት ተራው ሰው ምን ያድርግ?

አውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ስልክ ባለ ሲ ፖርት እንዲሆን ሲያስገድድ ስንት ዋት እንደሚፈልግም ካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። እኛ ጋ ህግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም፣ ሻጩ በእስክሪፕቶ "ዳታ" ወይ "ቻርጅ ብቻ" ብሎ ቢጽፍበት ምንም አያወጣም፣ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገውም እኮ ተለይቶ ከተሸጠ ነውር የለውም። ገዢዎችም ከመክፈላችሁ በፊት እዛው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ ስልኩ ላይ ፋይል ትራንስፈር የሚለውን መንካት እንዳትረሱ።

ልጅቷ ሶስቱን ኬብል ትታልኝ ሄዳለች፣ ፕላስተር ለጥፌ "ቻርጅ ብቻ" ብዬ ጽፌባቸው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ፖርቴ ተበላሸ ብሎ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እነሱን ነው የማሳየው።

አክባሪያችሁ
የሞባይልና ኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ