ጎማ ቀይረው መሪው ሲያስቸግር ወደ አላይመንት አይሩጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጎማ ምርጫ ብዙ ይጻፋል፤ ጎማው ከተገጠመ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ግን እምብዛም አይነሳም። የፎር ባይ ፎር ባለቤቶች አዲስ ጎማ በገጠሙ ማግስት መሪው ወደ ጎን ሲስብ ወይም ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) ያሠራሉ፤ ከዚያ የመሪ ሾክ (የመሪውን ንቅናቄ የሚያበርደውን) ያስቀይራሉ። ገንዘቡ ወጥቶ ችግሩ እዚያው ነው። ጎማ ስለተቀየረ ብቻ አላይመንት አይዛባም። ትናንት ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረ መኪና ዛሬ ካስቸገረ፣ መፈተሽ ያለበት በመካከል የተነካው ነገር ነው።

ከንፋስ ይጀመር። ጎሚስታው የጎማው ከንፈር ቸርኬው ላይ በደንብ እንዲቀመጥ እስከ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይሞላና አንዳንዴ እንደዚያው ይለቀዋል። መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ አራቱንም በአንድ መለኪያ ለኩ። በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የተሰላው ከፋብሪካ ለመጣው ጎማ ነው። «ኤል ቲ» (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የተጻፈበት ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከፍ ያለ ንፋስ ይፈልጋል፤ በድሮው ቁጥር ሲነዳ ጎኑ ይልፈሰፈስና መኪናው መስመር አይዝም። ከልክ በላይ የተሞላ ጎማ ደግሞ በመሃሉ ብቻ ስለሚረግጥ በየጉብታው ይነጥራል።

ንፋሱ ተስተካክሎም መሳቡን ካልተወ፣ የፊቶቹን ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያይሮ በዚያው መንገድ መንዳት ነው። አሁን ወደ ሌላኛው ጎን ከሳበ ጥፋቱ የጎማው ነው፦ ሲሠራ በትንሹ ወደ አንድ ጎን የሾጠጠ ጎማ መሬት ላይ እንደሚንከባለል ብርጭቆ ወደ ጠባቡ ጎኑ መዞር ይፈልጋል። እሱን አላይመንት አያስተካክለውም። የሚስብበት ጎን ካልተለወጠ ግን አላይመንትና ፍሬን ይጠርጠሩ፤ ፍሬን ብዙም ሳይረገጥ ከተነዳ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይበልጥ ከጋለ፣ እዚያ ጎን ፍሬኑ ይዟል። የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለበት ጎማ ግራና ቀኝ አይቀያየርም፤ በዚያው ጎን የፊቱን ከኋላው ጋር ማለዋወጥ ይበቃል።

መንቀጥቀጡ ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ መጥቶ ፍጥነት ሲጨመር የሚጠፋ ከሆነ የባላንስ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አለመሆን ነው። መሪው ላይ ከተሰማ ከፊት፣ መቀመጫው ላይ ከተሰማ ከኋላ። ባላንስ ከመሠራቱ በፊት በቸርኬው ውስጠኛ ጎን የደረቀ ጭቃ ይፋቅ፤ ያ ካልተደረገ ባላንሱ ለጭቃው ነው የሚሠራው። በ20 እና 30 ፍጥነት የሚያንገዋልል ከሆነ ግን ባላንስ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ፣ ከቸርኬው አጠገብ ጎማው ላይ ዙሪያውን የምትሄደውን ቀጭን መስመር ተመልከቱ። መስመሯ አንድ ቦታ ላይ ወደ ቸርኬው ጠልቃ ከገባች ጎማው በደንብ አልተቀመጠም፤ ንፋሱን አውጥቶ፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርሶ እንደገና መሙላት ነው። ቸርኬውን የሚያስረው ዳዶም ይታይ። በብዙ ቶዮታዎች የፋብሪካው አሉሚኒየም ቸርኬ ባለ ዋሸር ጠፍጣፋ ዳዶ ሲጠቀም የብረቱ ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል፤ ከተቀላቀሉ ቸርኬው መሃል አይዝም። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ።

መጠን የለወጠ ሰው ሌላም ሒሳብ አለበት። ከ265/70 አር 16 ወደ 285/75 አር 16 ሲኬድ የጎማው ቁመት ከ777 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 107 ላይ ነው። ከዚህ የባሰው የፊትና የኋላ ጎማ መለያየቱ ነው። ሁለት አዲስ፣ ሁለት ያለቀ አድርጎ ፎር ባይ ፎር ማስገባት ማስተላለፊያውን ያስጨንቃል፤ መሪው ይከብዳል፣ የፎር ባይ ፎር ማንሻውም አልወጣም ይላል። ጎማውና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ አንድ ዙር ገፍቶ በሜትር መለካት ልዩነቱን ያሳያል።

የቀረው፣ ሙሉ አክሰል ባላቸው (የፊት ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክሰል በተያያዙ) መኪኖች ጉብታ ሲመታ መሪውን ከእጅ የሚያስለቅቀው ከባድ መንቀጥቀጥ ነው። ከባዱ ጎማ ቀድሞ የላላውን ነገር ገለጠው እንጂ ችግሩን አልፈጠረውም፤ አዲስ የመሪ ሾክም ምልክቱን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ሞተር አስነስቶ፣ አንድ ሰው መሪውን ጥቂት ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ ሌላው ከሥር የመሪ ዘንግ ጫፎችንና አክሰሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘውን ዘንግ ጎሚኒዎች ይይ፤ አንደኛው ወገን ተንቀሳቅሶ ሌላው የሚዘገይበት መጋጠሚያ አልቋል። ከዚያ ጎማውን አንስቶ፣ ላይና ታች ይዞ መነቅነቅ። የሚንቀጫቀጨው ፍሬን ሲረገጥ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተረግጦም ካለ የኪንግፒኑ (ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ምሰሶ) ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጎማና የመሪ ባለሙያ